ኩኩሉ የሚለው ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ከእናቴና ከልጄ ጋር ሚኒያፖሊስ የሚገኘውን የፐርሰል-ከትስ ቤት ጎበኘን። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ አያቱ ስታናግረው ግን የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ነው።

ቤቱ በ1913 እ.ኤ.አ. ተሠራ። አርክቴክቱ ዊልያም ፐርሰል ከባልደረባው ከጆርጅ ኤልምስሊ ጋር ለራሱ ቤተሰብ ነደፈው። ለእጅ ሙያ ትልቅ ክብር ከሚሰጠው ከአርትስ ኤንድ ክራፍትስ ጋር የተዛመደ ነው። ሳሎኑንና የምግብ ክፍሉን የሚለይ ግድግዳ የለም፤ የሚለያቸው ጥቂት ደረጃ ነው። የፐርሰል ልጅ አልጋ ከግድግዳው ጋር አብሮ ተሠርቷል። እናቴ አየችውና «ይኼማ የእኛ መደብ ነው!» ብላ ሳቀች።

ስንወጣ በመግቢያው መስታወት ላይ «ፒክ-ኤ-ቡ» የሚል ጽሑፍ አየን። እናቴ «ምን ማለት ነው?» አለች። ልጄ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ፣ ገልጦ አሳያት።

«አሃ! ኩኩሉ!» አለችው።

«አልነጋም!» ብሎ መለሰላት፤ በአማርኛ።

ለካስ ሕፃን ሳለ በስልክ ያጫወተችውን አልረሳም። እስከ መኪናችን ድረስ ሲጫወቱ እኔ ዝም ብዬ ከኋላቸው ሄድኩ።

የሳምንቱ ቃል፦ መደብ — በአገር ቤት ከግድግዳ ጋር ተያይዞ ከጭቃ የሚሠራ መቀመጫ ወይም መኝታ።

እናንተስ ከአያታችሁ የተማራችሁት ጨዋታ የትኛው ነው?