ከዘመቻ መልስ



የጀግና ታሪክ ስንጽፍ ብዕራችን ብዙውን ጊዜ ከጦር ሜዳው አያልፍም። ጀብዱውን እናወድሳለን፤ ሰውዬው ቤቱ ከገባ በኋላ እንዴት እንደኖረ ግን አንጠይቅም። ከግንባር የተመለሱ ልጆች በየመንደሩ ባሉባት አገራችን ይህ ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። የዚህ እትም ትኩረት የዘማቹ ሁለተኛ ሕይወት የሆነውም ለዚህ ነው።

ለመነሻ የመረጥነው የአሜሪካዋ ቴነሲ ገበሬ የነበረውን አልቪን ዮርክን ነው። ሃይማኖቴ መግደልን ይከለክላል ብሎ ከዘመቻ እንዲቀር ቢያመለክትም አልተፈቀደለትም። ኦክቶበር 8 ቀን 1918 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አርጎን ጫካ ከጥቂት ጓዶቹ ጋር 132 የጀርመን ወታደሮችን ማረከ፤ የአገሩን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይም ተሸለመ።

ከዚያስ? በስሙ ለመነገድ የቀረቡለትን ግብዣዎች አብዛኞቹን ገፍቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ፓል ማል ተመለሰ። ግሬሲ ዊልያምስን አግብቶ ልጆች አሳደገ፣ አረሰ፣ እሱ በወጉ ያላገኘውን ትምህርት የአካባቢው ልጆች እንዲያገኙ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ዕዳም አልቀረለትም፤ በ1941 እ.ኤ.አ. ስለ እሱ ከተሠራው ፊልም ባገኘው ገቢ ሳቢያ ከግብር ሰብሳቢው ጋር ለዓመታት ተወዛግቧል።

በቀጣዮቹ ገጾች ሜዳይ ጎተራ እንደማይሞላ፣ ቤተሰብና ጎረቤት ለተመላሽ ወታደር ምን ያህል እንደሚያስፈልጉት ታነባላችሁ። አደራችን አንድ ነው፦ በሰፈራችሁ ያለውን ዘማች ስለ ውጊያው ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ኑሮው ጠይቁት።