በድንጋይ የተሠወረው ውሃና የቀላይ ምንጮች

ከምድር በታች፣ በ600 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ገደማ፣ ከውቅያኖሶች ሁሉ የሚበልጥ ባሕር ተገኘ የሚለው ወሬ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በየአገሩ ጋዜጣ ሲመላለስ ከቆየ በኋላ፣ ከአንዳንድ ሰባክያንና ጸሐፍት ዘንድ ሌላ መልክ ይዞ ይሰማል፤ ይኸውም በኦሪት ዘፍጥረት በጥፋት ውሃ ጊዜ እንደ ተከፈቱ የተነገሩት አንቅዕተ ቀላይ፣ ማለትም የቀላይ ምንጮች፣ በሳይንስ ተመርምረው እውነትነታቸው ተረጋገጠ የሚል ነው። እኔ ግን ወሬው ዕውቀትን፣ ትርጓሜውም ሃይማኖትን የሚጎዳ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ሁለቱም ሊታረሙ ይገባል እላለሁ።

የነገሩ መነሻ አንዲት ትንሽ አልማዝ ናት። በብራዚል አገር፣ በማቶ ግሮሶ ግዛት፣ ዡኢና በሚባል ስፍራ፣ አልማዝ ፈላጊዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ከወንዝ ጠጠር መካከል ያወጧት ይህች ድንጋይ ርዝመቷ ሦስት ሚሊሜትር ያህል፣ መልኳ ቡናማ፣ ለጌጥ የማትሆን፣ ዋጋዋም ከ20 ዶላር ገደማ ያላለፈ ነበረች። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ግራሃም ፒርሰንና ባልደረቦቻቸው ሌላ ማዕድን ፍለጋ ሲመረምሯት ግን፣ ከሚሊሜትር መቶኛ አራት እጅ ያህል ብቻ የሚሆን አንድ ቅንጣት በሆዷ ይዛ አገኟት። ቅንጣቱም ሪንግውዳይት የሚባለው ማዕድን ነበር። ይህ ማዕድን ስሙን ያገኘው ከአውስትራሊያዊው የሥነ ምድር ሊቅ ከቴድ ሪንግውድ ሲሆን፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ይታወቅ የነበረው በቤተ ሙከራ ከተሠራው፣ እንዲሁም ከሰማይ ከወረዱ ድንጋዮች፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1969 ከተመረመረው ከአውስትራሊያው የቴንሃም ድንጋይ እንጂ ከምድር ከራሷ ጥልቀት ተገኝቶ አልነበረም። በተፈጥሮ ሥርዓት የሚጸናው ከ520 እስከ 660 ኪሎ ሜትር ጥልቀት፣ የአየርን ግፊት ወደ 200,000 እጥፍ በሚጠጋ ጫና ሥር ስለ ሆነ፣ አልማዚቱ በጽናቷ አቅፋ ባትጠብቀው ኖሮ ወደ ላይ ሲወጣ ጠባዩን ለውጦ በጠፋ ነበር። በታሕተ ቀይ ብርሃን ሲመረመርም ከክብደቱ ከመቶ አንድ ተኩል ያህሉ ውሃ መሆኑ ታወቀ።

ይሁን እንጂ ይህ ውሃ የሚፈስ፣ የሚቀዳ፣ ጥም የሚቆርጥ ውሃ አይደለም። ሙቀቱ ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚበልጥበት በዚያ ዐዘቅት ዋሻም ሐይቅም የለም፤ ያለው ጠንካራ አለት ብቻ ነው። በማዕድኑ ውስጥ የማግኒዥየም አቶም ሊቀመጥበት ይገባ የነበረው ስፍራ ባዶ በሆነበት ጊዜ፣ ሃይድሮጅን ገብቶ ከኦክስጅኑ ጋር ይጣመርና ከድንጋዩ ባሕርይ ጋር ተዋሕዶ ይኖራል። ግንበኛ ከሲሚንቶ ጋር የለወሰው ውሃ ግንቡ ከደረቀ በኋላ ከድንጋዩ አካል ሆኖ ሳለ ማንም ጨምቆ ሊያወጣው እንደማይችል፣ ይህም እንዲሁ ነው። ከዚያ ከፍ ብለው በሚገኙት በኦሊቪን፣ በፓይሮክሲንና በጋርኔት ደግሞ መጠኑ እጅግ ያንሳል፤ በውቅያኖስ ወለል ላይ ለሚፈሰው ቅልጥ አለት ምንጭ በሆነው፣ ማንትል በሚባለው ከምድር ቅርፊት በታች ባለው የአለት ሽፋን ክፍል፣ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ50 እስከ 200 የሚሆነው ብቻ ውሃ እንደ ሆነ ይገመታል። በአገራችንም ቢሆን፣ በጎጃም በእንጅባራ አካባቢ እሳተ ገሞራ ከጥልቅ ያወጣቸው አለቶች አምፊቦል የሚባለውን ውሃ አዘል ማዕድንና የውሃና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥቃቅን ቋጠሮዎችን እንደ ያዙ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2010 ጽፈዋል።

ታዲያ ባሕሩ ከየት መጣ? ከ410 እስከ 660 ኪሎ ሜትር ያለው የአለት ሽፋን በሙሉ ከመቶ አንድ እጅ ውሃ ቢይዝ፣ ድምሩ ከውቅያኖሶች ውሃ ሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል ተብሎ ከተሰላው ስሌት ነው። የአንዲት ቅንጣት ምስክርነት ግን ለዚያች ስፍራ እንጂ ለዓለሙ ሁሉ አይበቃም። ወሬው በተነሣበት በ2006 ዓ.ም. ሽማንትና ጃኮብሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከሰሜን አሜሪካ በታች የምድርን ንዝረት መርምረው ውሃ አዘል አለት ከ660 ኪሎ ሜትር በታች ሲሰምጥ በከፊል እንደሚቀልጥ የሚያመለክት ምልክት ማግኘታቸው ግምቱን ደግፎታል፤ ሆኖም የደገፈው በዚያ ክፍለ ዓለም ነው። ወሬ ጸሐፊዎች ቅድመ ሁኔታውን ጥለው ድምሩን ብቻ አነሡ።

ወደ ትርጓሜው ስንመለስ፣ ከድንጋይ ጋር የተዋሐደ ውሃ በአርባ ቀን ገንፍሎ ምድርን ሊያጥለቀልቅ የሚችልበት መንገድ የለም። ወደ ታች የሚወርደው የውቅያኖስ ወለል ከነውሃው በሌላው ሥር እየሰመጠ፣ ወደ ላይም የሚመለሰው በእሳተ ገሞራ እንፋሎት ሆኖ ሲሆን፣ ዙሩ የሚፈጸመው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ነው። ጥቂቱ ውሃ አለቱን ያለሰልሳል፤ የሚቀልጥበትንም ሙቀት ዝቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ ለምድር ቅርፊት መንቀሳቀስና ለእሳተ ገሞራ መወለድ ታላቅ ረዳት ነው። ይህ ግብሩ ለማንም አስተዋይ በቂ መደነቂያ ሆኖ ሳለ፣ ያልተሰጠውን ግብር መጨመር ለምን አስፈለገ? ሳይንስ በጠባዩ የትናንቱን ቁጥር ዛሬ የሚያርም ነውና፣ እምነቱን በአንድ ዓመት ግኝት ላይ የመሠረተ ሰው ግኝቱ በታረመ ጊዜ እምነቱን ምን ሊያደርገው ነው? ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት በሚናገረው መጽሐፍ፣ በአክሲማሮስ፣ ሥነ ፍጥረትን የሚያስተምሩ መምህራን የፍጥረትን ሥርዓት የሚተነትኑት ፈጣሪን ለማወቅ ነው፤ ቅዱስ መጽሐፍም ምስክር ፍለጋ ወደ ቤተ ሙከራ የሚሄድ አይደለም።

ስለዚህ መምህራንም፣ ሰባክያንም፣ ጋዜጠኞችም ይህን ነገር ለሕዝብ በሚያቀርቡበት ጊዜ፣ የተገኘው በማዕድን ውስጥ የታሰረ ውሃ መሆኑን፣ መጠኑም በግምት የቆመ መሆኑን ሳይሸሽጉ ይንገሩ። እውነቱን በልኩ የሰማ ሕዝብ ከዕውቀቱም ከሃይማኖቱም አንዳች አይጎድልበትም።