«በስባሽ» የሚለው ጽሑፍ ምን ያረጋግጣል?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የፕላስቲክ ከረጢትን ወይም በተለምዶ ፌስታል የሚባለውን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ማጽደቁ ይታወሳል። በአማራጭነት ከሚነሱት ምርቶች መካከል ከወረቀትና ከጨርቅ ከረጢቶች ሌላ «ከዕፅዋት የተሠራ» ወይም «በስባሽ» የሚል ጽሑፍ የሰፈረባቸው ፕላስቲኮች ይገኙበታል። ሸማቹ ለእነዚህ ምርቶች ተጨማሪ ዋጋ ከመክፈሉ፣ አስመጪና አምራችም ካፒታሉን ከማፍሰሱ በፊት አንድ ልዩነት መገንዘብ ይኖርበታል። ፕላስቲኩ ከምን ተሠራ የሚለውና ከተጣለ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

በብራዚል ከሸንኮራ አገዳ ኢታኖል ፖሊኤትሊን ይመረታል። ጥሬ ዕቃው ዕፅዋት ቢሆንም ኬሚካዊ ይዘቱ ከነዳጅ ዘይት ከሚገኘው ፖሊኤትሊን ስለማይለይ አይበሰብስም። በአንጻሩ ፒቢኤቲ የሚባለው ፕላስቲክ በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠራ ሆኖ ሳለ ረቂቅ ተሕዋስያን ሊያፈርሱት ይችላሉ።

በብዛት ስሙ የሚነሳው ፒኤልኤ ሲሆን፣ የበቆሎ ወይም የሸንኮራ አገዳ ስኳር ተብላልቶ ከሚሰጠው ላክቲክ አሲድ ይሠራል። ይህ ፕላስቲክ በአግባቡ የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀትና በቂ እርጥበት ባለው የኢንዱስትሪ የኮምፖስት ማዘጋጃ ውስጥ ነው። ኢኤን 13432 የተሰኘው የአውሮፓ ደረጃም ምርቱ በተመሳሳይ ቁጥጥር ሥር በ6 ወራት ውስጥ ቢያንስ 90 በመቶ እንዲበሰብስ ይጠይቃል። በጓሮ ጉድጓድ ወይም በወንዝ ዳር የተጣለ ፒኤልኤ ግን ይህን ሁኔታ ስለማያገኝ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቆሻሻ ተለይቶ በማይሰበሰብበትና የኮምፖስት ማዘጋጃ በሌለበት ከተማ የጽሑፉ ዋጋ እጅግ ይቀንሳል።

በእንግሊዝ የፕሊማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። «በስባሽ» ተብሎ የተሸጠ ከረጢት ለ3 ዓመታት በአፈር ውስጥና በባሕር ውስጥ ከቆየ በኋላ አሁንም ዕቃ መሸከም ይችል ነበር። ለኮምፖስት ተብሎ የተሠራው ሌላው ከረጢት በባሕር በ3 ወራት ውስጥ ቢጠፋም፣ በአፈር ውስጥ ከ27 ወራት በኋላም ተገኝቷል፤ ሆኖም ዕቃ ሲያዝበት ተቀዷል። በተለይ ጥንቃቄ የሚያሻው ኦክሶ የሚል ቃል የሰፈረባቸው ምርቶች ናቸው። እነዚህ መደበኛ ፕላስቲኮች ሲሆኑ፣ የተጨመረባቸው ኬሚካል ወደ ጥቃቅን ስብርባሪ ይለውጣቸዋል እንጂ መበስበሳቸውን አያረጋግጥም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ለገበያ እንዳይቀርቡ አግዷል።

ኮምፖዚት በሚባሉት ቅይጥ ቁሶችም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል። እንሰት ሲፋቅ የሚወጣው ቃጫ በአገራችን የሚገኝ ጠንካራ ጥሬ ዕቃ ነው። ከመደበኛ ፕላስቲክ ጋር ሲቀየጥ ግን የሚበሰብሰው ቃጫው ብቻ ይሆናል፤ የፕላስቲኩን መጠን ቢቀንስም ቁሱ በስባሽ አይባልም። ምንም ጽሑፍ የሌለበት የሰሌን ዘንቢል በዚህ ረገድ የተሻለ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 የፕላስቲክ ከረጢት በስባሽ መሆኑን ወይም አለመሆኑን የሚገልጽ ምልክት ሳይኖረው ለገበያ እንዳይቀርብ ደንግጎ ነበር። ምልክት መኖሩ ብቻ ግን በቂ አይደለም። ገዢው በየትኛው ደረጃ እንደተፈተነ፣ በምን ሁኔታና በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚበሰብስ ሻጩን ሊጠይቅ ይገባል፤ አስመጪም የፍተሻ ሰነዱን ከውል በፊት ከአቅራቢው መቀበል ይኖርበታል። ከፒኤልኤ የተሠሩ ጠርሙሶችና ብርጭቆዎች ደግሞ ለቆራሌው ከሚሰጠው ሃይላንድ ጋር መቀላቀል የለባቸውም፤ መልሶ የሚመረተውን ፕላስቲክ ጥራት ያበላሻሉ።