ለጫካ ቢላ የምትመርጡ ወዳጆቼ፣ የባሌስትራውን ያዙ

ሰሞኑን ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ጀርባው የመጋዝ ጥርስ ያለው ተጣጣፊ ሴንጢ እየለጠፋችሁ «ለካምፒንግ የገዛሁት» የምትሉ የድሮ ተማሪዎቼ በዝታችኋል። አንዱማ እጀታው ላይ ኮምፓስ አለው ብሎ በኢንቦክስ ላከልኝ። ወንድሜ፣ ከአሶሳ ሆሞሻ ለመሄድ ኮምፓስ ምን ያደርግልሃል? መንገዱን ያጣኸው እንደሆን ሰው ጠይቅ!

እቅጩን ልናገር። ለሜዳና ለጫካ ከሚያዝ ስለት ሁሉ የምመርጠው ገበያ ዳር ወናፍ የሚያናፋው ሰው ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ ያወጣውን ቢላ ነው። «ቲቸር ደሞ ኋላ ቀር ሆነ» የሚል ኮሜንት ይመጣል፤ ይምጣ።

ነገሩ የብረት ጉዳይ ነው። ባሌስትራ የጭነት መኪና ተሸክሞ እየተለመጠ እንዲመለስ የተሠራ ስቲል ነው፤ ካርቦኑ ከመቶ 0.6 አካባቢ ይሆናል። እሳት ውስጥ ቀልቶ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፣ መልሶ በመጠኑ ሲሞቅ ደግሞ እንደ ብርጭቆ መሰበሩን ይተዋል። ያ ሴንጢያችሁ ላይ «ስቴንለስ» ተብሎ ተጽፏል። ጥሩ ስቴንለስ አለ፣ አልክድም፤ ቃሉ ግን ቶሎ አይዝግም ማለት እንጂ ስለት ይይዛል ማለት አይደለም። የሻይ ማንኪያም ስቴንለስ ነው።

መፈተኛው ደግሞ ደጃችን ላይ አለ፤ ቀርከሃ። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው፣ የእኛ የቆላው ግን ድፍን ነው ማለት ይቻላል። ቆዳው ላይ ሲሊካ አለው፣ አሸዋ ውስጥ ያለው ማለት ነው፤ ስለት ይበላል። እስቲ በሴንጢያችሁ አንድ ዘንግ ሰንጥቁ። መጀመሪያ የሚላወሰው የማጠፊያው ብሎን ነው፣ ቀጥሎ ጣታችሁ ላይ ይታጠፋል። የባሌስትራውን ግን ብረቱ እጀታው ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ ጀርባውን በዱላ እየመታችሁ ትሰነጥቁበታላችሁ። በክረምት የቀርከሃ ቡቃያ ትቆርጡበታላችሁ፣ በማንጎ ጊዜ ማንጎ ትልጡበታላችሁ፣ ሲዶለዱም ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ትስሉታላችሁ። (ቀርከሃ ስትቆርጡ ከአንጓው በላይ አስጠግታችሁ ቁረጡ፤ ጉቶው ውሃ ካቋረ ይበሰብሳል። የዘንድሮውን ለጋ ደሞ አትንኩ።)

«ፈረንጅ እኮ እንዲህ ነው የሚይዘው» ላላችሁኝ፦ ስዊድን ውስጥ አናጢውም ዓሣ አጥማጁም የሚይዘው ሞራ የሚባል ተራ፣ የማይታጠፍ ቢላ ነው። ፊንላንዶች ፑኮ አላቸው፤ እሱም እንደዚያው ቀላል ነገር ነው። እዚሁ ከኩርሙክ ማዶ ሱዳን ውስጥ ክንድ ላይ በቆዳ አፎት የሚታሰር ቢላ አለ። ልዩነቱ እነሱ በራሳቸው ቢላ አያፍሩም።

የእኛ ግን ያሳፍረናል፣ ምክንያቱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሠሪው «ቀጥቃጭ» ነዋ! ማረሻውን፣ መጥረቢያውን፣ ማጭዱን ከእጁ ተቀብለን በልተን እናድራለን፤ ዞር ሲል «ቡዳ» እንለዋለን። ልጁ ክፍል ውስጥ በአባቱ ሙያ ሲሰደብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ተሳዳቢው ደግሞ ኬሚስትሪ ጎበዝ የተባለ ልጅ ነበር። ብረት በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ በቃሉ ያውቃል፣ የብረቱን ቀለም አይቶ «አሁን ይነከር» የሚለውን ሰው ግን ይንቃል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። እኛ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን ስድቡን በስማርት ፎን እንጽፋለን።

እንከን የለውም አላልኩም። ይዝጋል፤ ተጠቅማችሁ አድርቁት፣ ዘይት ቀቡት። አንዳንዱ ደግሞ ከፌሮ ተሠርቶ ባሌስትራ ነው ተብሎ ይሸጣል። ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ብትነክሩትም እንደሚገባው አይጠነክርም። ዘዴው ቀላል ነው፤ ስለቱ ላይ ሞረድ ሳብ አድርጉ። ሞረዱ ካንሸራተተ ደህና ነው፣ እንደ ሳሙና ከላጠው መልሱለት።

ሌላም ወቀሳ ደርሶኛል፦ «በዚህ ጊዜ መምህር ስለ ስለት ይጽፋል?» ይህ ቀልድ አይደለም። መተከልና ካማሺ የሆነውን እዚህ ክልል ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም። ግን ልብ በሉ፤ ጥቁር የተቀባውን፣ ፊልም ላይ ሰው የሚወጋበትን የሚመስለውን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ የማወራው ማንጎ ስለሚልጥ ቢላ ነው። ከተማ ውስጥ ወገብ ላይ ታጥቆ መዞርንማ እኔም እጠላለሁ፤ ከሥራ ስትመለሱ አፎቱ ውስጥ ይግባ፣ ቤት ይቀመጥ።

የምትገዙ ካላችሁ ጋራዥ ጠይቃችሁ የተሰበረ ባሌስትራ ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። ርዝመቱን ከእጃችሁ መዳፍ ትንሽ አስበልጡት፣ ከዚያ በላይ ገጀራ ነው። «ጋሼ» ብላችሁ አናግሩት፣ ዋጋም አትከራከሩት፤ ለዚያ ኮምፓስ ሳትከራከሩ ከፍላችሁ የለ። የእኔን ፎቶ ኮሜንት ላይ አስቀምጣለሁ።