የተበላ ቃል፦ ቢሊ ዘ ኪድ እና የኒው ሜክሲኮው አገረ ገዥ

በአማርኛችን «ሽፍታ» የሚለው ቃል ሁለት ሰዎችን በአንድ ካባ ይሸፍናል፤ መንገደኛ የሚዘርፈውን ቀማኛና ተበደልሁ ብሎ ጫካ የገባውን አመፀኛ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሰውየውን ብቻ ሳይሆን የሸፈተበትንም መንግሥት መመርመር ያስፈልጋል። ዛሬ በዚህ መነጽር ልመለከተው የወደድሁት በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ስሙ የገነነውን ወንበዴ፣ ቢሊ ዘ ኪድን ነው።

ብዙዎቻችን በፊልም የምናውቀው ሃያ አንድ ሰው ገድሎ በሃያ አንድ ዓመቱ የሞተውን ተኳሽ ነው። ቁጥሩ ተረት ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ብቻውን ገደላቸው የሚሏቸው ሰዎች አራት ያህል ናቸው። እውነተኛ ስሙ ሄንሪ ማካርቲ ሲሆን፣ እናቱ በ1874 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በሳንባ ነቀርሳ ስትሞትበት ገና ታዳጊ ነበር። በዓመቱ በልብስ ስርቆት ታስሮ በጭስ ማውጫ ሾልኮ አመለጠ። በ1877 አሪዞና ውስጥ በጠብ መካከል ሰው ገደለ።

የፖለቲካው ታሪክ የሚጀምረው ግን በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በሊንከን አውራጃ ነው። መርፊና ዶላን የተባሉ ነጋዴዎች የአውራጃውን ንግድ ጠቅልለው ይዘው ነበር። ሸሪፉ ዊልያም ብሬዲም የእነርሱ ወገን ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ተንስታል ተቀናቃኝ ሱቅ ቢከፍት፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1878 የሸሪፉ ጭፍሮች ገደሉት። የተንስታል ተቀጣሪ የነበረው ቢሊና ጓደኞቹ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ጫካ ሳይሆን ወደ አጥቢያው ዳኛ ነበር፤ የመያዣ ትእዛዝም ተቀበሉ። ብዙም ሳይቆይ አገረ ገዥው ሳሙኤል አክስቴል የዳኛውን ሹመት ሻረው። ትናንት የሕግ አስከባሪ የነበረው ጭፍራ በአንድ ወረቀት ወንበዴ ሆነ።

እነዚህ ሰዎች ንጹሓን ነበሩ ማለቴ አይደለም። የያዟቸውን እስረኞች ገድለዋል፤ ኤፕሪል 1 ቀን ሸሪፍ ብሬዲን አድፍጠው ጥለዋል። ይሁን እንጂ በጁላይ ወር ሊንከን ከተማ ውስጥ ለአምስት ቀናት በተደረገው ውጊያ ኮሎኔል ደድሊ የመንግሥት ወታደሮችንና መድፍ ይዞ ሲገባ፣ ሚዛኑ ለዶላን ወገን አደላ። ደድሊ በኋላ በወታደራዊ አጣሪ ጉባኤ ነጻ ተባለ።

ፕሬዚዳንት ሄይስ አክስቴልን ሽረው «ቤን ሐር» በተሰኘው ልብ ወለድ የሚታወቀውን ሉ ዋላስን ሾሙ። ዋላስ በኖቬምበር 1878 የምሕረት አዋጅ አወጀ፤ አዋጁ ግን አስቀድሞ ክስ የተመሠረተባቸውን አያካትትም ነበር፤ ቢሊም ከእነርሱ አንዱ ነበር። በፌብሩዋሪ 1879 ሂውስተን ቻፕማን የተባለ ጠበቃ በዶላን ወገኖች ሲገደል ቢሊ በዓይኑ አየ። ለዋላስም እመሰክራለሁ ብሎ ጻፈለት። ማርች 17 ቀን ሌሊት ሁለቱ ተገናኙ፤ የሚያውቀውን ከመሰከረ ከክስ ነጻ እንደሚወጣ ቃል ተገባለት። ወጣቱ ለይስሙላ ተያዘ፤ ሸንጎ ፊት ቀርቦም መሰከረ። የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ግን ሊለቀው አልፈቀደም፤ ዋላስም ቃሉን ለማስከበር አልቆመም። ቢሊ ጥቂት ጠብቆ ጥሎ ወጣ፤ ወደ ከብት ስርቆትም ተመለሰ።

በዲሴምበር 1880 ፓት ጋሬት ያዘው። ከሳንታ ፌ ወህኒ ቤት ቃልህን አስታውስ እያለ ለአገረ ገዥው ደጋግሞ ጻፈ፤ ምላሽ አላገኘም። በኤፕሪል 1881 ሞት ተፈረደበት፤ ሁለት ጠባቂዎቹን ገድሎ አመለጠ፤ ጁላይ 14 ቀን ፎርት ሰምነር ላይ በጋሬት ጥይት ወደቀ። ከዚያ ሁሉ ደም መፋሰስ ተፈርዶበት የተቀጣው እርሱ ብቻ ነው። ዶላን ግን የተንስታልን ንብረት ወርሶ የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል እስከ መሆን ደረሰ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ አይደለምን?

ገዥው ቢል ሪቻርድሰን በ2010 መጨረሻ የምሕረቱን ጥያቄ ሲዘጉ፣ ዋላስ ለምን ቃሉን እንዳጠፈ ታሪክ ግልጽ አያደርገውም ብለዋል። አንዳንዶችም ቢሊ ራሱ አምልጦ ውሉን አፍርሷል ይላሉ። እኔ ለገዳይ ሐውልት ይቁምለት አልልም። የብሬዲም ሆነ የወህኒ ጠባቂዎቹ ደም ደም ነው። ነገር ግን ምስክርነቱን ተቀብሎ ዋጋውን የከለከለው መንግሥት ነበር፤ ውሉን አስቀድሞ ያላከበረው ማን እንደሆነ የቀኑ ቅደም ተከተል ይናገራል።

ወንበዴ ቃሉን ቢያጥፍ የሚጎዳው አንድ ሰው ወይም አንድ መንደር ነው። መንግሥት ቃሉን ሲያጥፍ ግን ነገ መሣሪያውን ሊያወርድ የሚያስብ ሁሉ ትምህርት ይወስዳል። የምሕረት አዋጅ ክብደቱ የሚለካው በወጣበት ዕለት በሚሰማው ጭብጨባ ሳይሆን፣ አምኖ እጁን የሰጠው ሰው በዓመቱ የት እንደሚገኝ በማየት ነው።

ቸር እንሰንብት!