ልጅነት ይርጋ አለው?

ከአንበሳሜ አጠገብ ያለ አንድ ገበሬ ሳይናዘዙ አረፉ። በ7 ዓመቱ ሴት ልጃቸው ከዐረብ ሀገር ተመልሳ ከወንድሞቿ ድርሻዋን ጠየቀች። ሁለት የከተማችን ሰዎች በጉዳዩ ይሟገታሉ።

ጠበቃው

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 842 ልጆች እኩል ይወርሳሉ ይላል። ወንድ ሴት፣ የቀረ የተሰደደ ብሎ አይለይም፤ ይህን የሚክድ የለም። ይኸው ሕግ በቁጥር 1000 ግን ወራሽነቱንና ንብረቱን ሌላ ሰው መያዙን አውቆ በ3 ዓመት ውስጥ ያልጠየቀ ይታገዳል ይላል፤ ባያውቅም ከ15 ዓመት በኋላ በሩ ይዘጋል። የዘር ርስት ከዚህ ገደብ ተለይቶ ነበር፤ የገጠር መሬት በ1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ግን ርስት የሚባል ነገር የት አለ?

ወደ ስሌቱ እንምጣ። 4 ጥማድ 1 ሄክታር ነው። ለ6 ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1,666 ካሬ ሜትር ይደርሳል። እነሱም አራት አራት ቢወልዱ ለልጅ ልጅ 416 ይቀራል፤ በሬ የሚዞርበት እንኳ አይሆንም። አንበሳሜ ያለችበት ደራ ወረዳ በ1999ኙ ቆጠራ ከ248 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረባት፤ ዛሬ ምን ያህል እንደሆነ ገምቱት። አባትየው ሲሞቱ ይሠራ የነበረው የፌዴራል አዋጅ 456/1997 የቤተሰብ አባል የሚለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራውን ነው። ትርጉሙ ከዚህ ስሌት የመጣ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። ሩዝ እዚሁ ደራ ጅግና ላይ በደርግ ጊዜ ከመሞከሩ በፊት ክረምት ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ከከብት በቀር የሚፈልገው አልነበረም። አሁን ሩዝ ሲያበቅል ከየአገሩ ወራሽ ይመጣል።

መምህርቷ

«ከየአገሩ» የምትለዋን ቃል ሳነብ ደሜ ፈላ።

ልጅቷን አውቃታለሁ፤ 8ኛ ክፍል ሳለች ደብተሯን ያረምሁላት እኔ ነኝ። የአባቷ ቤት ቆርቆሮ የተመታው እሷ በላከችው ብር ነው። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ የተገዛው በሷ ገንዘብ ነው። አባቷ ሲታመሙ የሕክምናውን የላከችው እሷ ነች፤ ሲያርፉ ግን አሠሪዋ ፓስፖርቷን ይዛባት ለቀብሩም ለተዝካሩም አልደረሰችም። ፀጉሯን ተላጭታ ሰው ቤት ወለል ስትጠርግ ሰነበተች። በስልክ «ድርሻዬስ?» ብትለው ታላቅ ወንድሟ «ምን ቸገረሽ፣ መሬቱ የት ይሄዳል?» አላት። አመነችው። ወንድሟን ያመነች እህት ናት እንግዲህ «አውቃ ያልጠየቀች» የምትባለው?

መተዳደሪያ የሚጋራ አሉ! መተዳደሪያውን የላከችው ሳትቆጠር፣ ተቀብሎ የበላው ይቆጠራል። ስሌቱንም ቢሆን ወንዶቹ ሲካፈሉ ማንም አላነሳውም፤ ካሬ ሜትር መቁጠር የተጀመረው እሷ ከአውቶቡስ ስትወርድ ነው።

አባቶቻችን ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይላሉ። ልጅነትን ሰው አልሰጣትም፤ በ3 ዓመትም በ15ም ሰው አይነጥቃትም። ወረቀት ነፍስ የለውም፤ እሷ ግን አላት።

ጠበቃው ሲመልሱ

ስለ ቆርቆሮው አዝናለሁ፤ የሺህ ዓመቱን ተረት ግን አልውጠውም። ያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር የጎንደርና የጎጃም ሽማግሌ ይጠየቅ። ሰው ከአያት ቅድመ አያቱ እየቆጠረ «አቅኚው አባቴ ነው» ሲል የሌላውን እርሻ ይከስ ነበር። ገበሬ ከሞፈሩ ይልቅ ችሎት ላይ አረጀ፤ በድንበር ደም የተቃባውም ብዙ ነው። ይርጋ የመጣው ለዚህ ነው። ወንድምየው ቦይ ቀድዶ፣ የጉማራን ሙላት ተጋፍቶ፣ ግብር ከፍሎ 7 ዓመት ከረመ። የሱስ ነፍስ አይቆጠርም?

ወረቀት ነፍስ የለውም የሚሉ መምህርት ደግሞ ለተማሪ ሰርተፊኬት ለምን እንደሚሰጡ አላውቅም።

መምህርቷ ሲመልሱ

ሰርተፊኬቱን ተማሪው ሳይፈተን ጎረቤቱ አይወስድለትም።

ጠበቃው ደግሞ ደጋግመው ችሎት ይላሉ። ልጅቷ ችሎት አልሄደችም፤ የላከችው ሽማግሌ ነው። የጠየቀችውም ግማሽ ጥማድ ብቻ፣ እሱንም ታናሽ ወንድሟ በእኩል እንዲያርስላት ነው። ሽማግሌዎቹ ባለፈው እሑድ ሄደው ቡና ጠጥተው ተመለሱ። ታላቅየው «ላስብበት» አለ አሉ። ለማርያም ዳግመኛ ይሄዳሉ።