«አይ» ስንለው «አዎ» የሚሰማ ፕሮግራም



ከጥቂት ወራት በፊት፣ እዚህ ዌስተን፣ ወደ ኤርፖርት የሚያልፈው የመጨረሻው ባቡር በሚሰማበት ሰዓት፣ የአንድ ጥናቴን ስሌት አረጋግጥ ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ከቤተሰቦች የፍጆታ መረጃ ውስጥ መልስ ጎድሎ በግምት የተሞላውን ክፍል ብናወጣው ድምዳሜያችን ይለወጣልን? ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ አስኬድሁት፤ አንዴ ግምቱ ይጨመር በሚለው አማራጭ ላይ «ትሩ» ብዬ፣ አንዴ «ፎልስ» ብዬ። ውጤቱ አልተለወጠም። «ድምዳሜው ጽኑ ነው» ብዬ ከጻፍሁ በኋላ ግን ሁለቱ ውጤቶች እስከ መጨረሻው አኃዝ አንድ መሆናቸው ከነከነኝ። ያን ያህል መረጃ ወጥቶ አንዲት አኃዝ እንኳ አለመነቃነቋ ጽናት አይደለም፤ ተአምር ነው።

ተአምሩን የሠራሁት ራሴ ነበርሁ። በፓይተን ቋንቋ፣ በትእዛዝ መስመር ለፕሮግራም የሚሰጡ አማራጮችን የሚያነበው መደበኛ መሣሪያ አርግፓርስ ይባላል። ከአማራጮቹ አንዳንዶቹ እንደ ቤት መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ናቸው፤ መልሳቸው አዎ ወይም አይ ብቻ ነው። እኔም «የሚመጣውን ቃል ወደ ቡል፣ ማለትም ወደ እውነት ወይም ሐሰት፣ ለውጠው» ብዬ አዘዝሁ። ይሁንና ከትእዛዝ መስመር የሚመጣው ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ በፓይተን ሕግ ደግሞ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ እውነት ነው። «ፎልስ» የሚለውም ቃል ባዶ አይደለምና እውነት ሆነ። ማጥፊያውን በተጫንሁት ቁጥር መብራቱ ይበራ ነበር፤ ስሕተት አለ ያለኝም አልነበረም።

የመሣሪያው ተሟጋቾች መልስ አላቸው፦ መመሪያውን አንብቢ። እውነት ነው፤ መመሪያው ይህን አጠቃቀም እንደማይመክር በግልጽ ጽፏል። ለእኔ ግን ይህ መከላከያ ሳይሆን የእምነት ክህደት ቃል ነው። አንድ የቀበሌ ጸሐፊ አስቡ። በቅጹ ላይ «አልተቀበልሁም» ተብሎ ተጽፎለት፣ ሣጥኑ ባዶ አለመሆኑን ብቻ አይቶ «ተቀብለዋል» የሚል ማኅተም ቢመታ፣ ጥፋተኛው በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማሳሰቢያ ያላነበበው ባለጉዳይ ነውን? ስሕተቱን የሚያውቅ፣ ነገር ግን በዝምታ የሚቀበል አሠራር፣ ከማያውቀው ይልቅ ተጠያቂ ነው።

ጉዳዩ የፕሮግራመሮች ጥቃቅን ጣጣ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍሁ ነበር። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ከዓለም ባንክ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2011/12 ጀምሮ በየዙሩ ያካሄደውን የማኅበረ-ኢኮኖሚ ዳሰሳ ብዙዎቻችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። በመጠይቁ ውስጥ አዎ 1 ነው፤ አይ ደግሞ 2 ነው። ለኮምፒውተር ግን ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ሁሉ እውነት ስለሆነ፣ ይህን ዐምድ ሳያስተካክል እንደ እውነትና ሐሰት የሚያነብ ሰው «አይ» ያሉትን ሁሉ «አዎ» ያሰኛቸዋል። ይህስ ቶሎ ይታወቃል፤ መቶ በመቶ አዎ የተባለበት ጥያቄ ያስጠረጥራልና። አደገኛው ባዶው ነው። እኛ ኢኮኖሚስቶች የምንወደው ስታታ የጎደለን መልስ ከማንኛውም ቁጥር እንደሚበልጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ በሁኔታ መፈተሻ ውስጥ ሲገባም እውነት ይሆናል። ስለዚህ አይን ወደ ዜሮ የለወጠ ጠንቃቃ ተመራማሪ እንኳ ባዶዎቹን ከረሳ፣ ያልመለሱት ቤተሰቦች የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ሆነው ሊቆጠሩ ይችላሉ።

የሁሉም ስሕተት አቅጣጫ አንድ መሆኑን ልብ በሉ። ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ ስሕተት በብዛት ውስጥ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሁልጊዜ ወደ «አዎ» የሚያዘነብል ስሕተት ግን የናሙናው ብዛት አያርመውም፤ ይበልጥ እርግጠኛ ያስመስለዋል እንጂ።

ዝምታን አዎ ብሎ መተርጎም ሁልጊዜ ነውር ነው አልልም። ኖቫ ስኮሺያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ፣ ከተወሰኑ ሰዎች በቀር፣ ተቃውሞውን ያላስመዘገበ ዐዋቂ ሰው ከሞት በኋላ የአካል ልገሳን እንደፈቀደ ይቆጠራል የሚል ሕግ በሥራ ላይ አውላለች፤ በእኛዋ ኦንታሪዮ ግን ዝምታ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። በሁለቱ መካከል መከራከር ይቻላል፤ የዝምታ ትርጉም በሕግ የታወቀ ነውና። በኖቫ ስኮሺያም ቢሆን «አይ» ያለ ሰው ቃሉ ይከበርለታል። የእኛ ፕሮግራሞች ግን ያለ ሸንጎ፣ ያለ አዋጅ፣ ዝም ያለውንም እንቢ ያለውንም እሺ ያሰኛሉ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረታችን በመረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ አይሠራም፤ እዚያ ዝምታ ይነቅዛል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ የሆነ አማራጭ ቃል መቀበል የለበትም፤ ስሙ ከተጠራ በርቷል፣ ካልተጠራ አልበራም። ሁለቱንም በግልጽ መናገር ካስፈለገም፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፓይተን 3.9 አንዱን አማራጭ «ከዚህ ጋር» እና «ያለዚህ» በሚሉ ጥንድ ስሞች የሚቀበል ስልት አምጥቷል። ቃል መቀበል ግድ ከሆነ ደግሞ የታወቁትን ብቻ ተቀብሎ ሌላውን በስሕተት መልእክት መመለስ ይገባል። ምንም ላልተባለበት ሁኔታም ሦስተኛ ቦታ ይኑር፤ አማርኛችን «እንጃ» የሚል ቃል ያለው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንዲህ ብናጠብቅ የቆዩ ፕሮግራሞች ይሰበራሉ የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው፤ ይሰበራሉ። የእኔም ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ያን ምሽት ሐሰተኛ ዐረፍተ ነገር ባልጻፍሁ ነበር። አሁን የመጀመሪያ መስመሩ እያንዳንዱን አማራጭ እንዴት እንደተረዳው ያትማል። ለሚኒስቴርም ሆነ ለለጋሽ ድርጅት ሰንጠረዥ የምታቀርቡ ሁሉ ከባለሙያዎቻችሁ ይህችን አንዲት ገጽ ጠይቁ፦ ማሽኑ የተባለውን ሳይሆን የሰማውን የሚያሳየውን ገጽ።